ታኮ እና ቁልቁለት

ማክሰኞ ለምሳ ስንወጣ የመሥሪያ ቤታችንን ደረጃ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ መደገፊያውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ወደ ኋላ ወረድኩት። ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ምድር 54 ደረጃ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ቆጥሬው አላውቅም። ከታች የቆሙት ዘበኛ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ወድቀሽ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም ጋሼ። ሠርግ ነበረብን።»

«ሠርጉ በዱላ ነበር እንዴ?»

ልስቅ ስል ሆዴም እንደሚያመኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የገረመኝ ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ያንኑ ደረጃ ስወጣው ትንሽ ከመጎተት በስተቀር ደህና ነበርኩ። ስወርደው ግን ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፤ ባቴም ውሻ በጥርሱ እንደያዘው ሁሉ አልለቅ አለ። መውጣት ይደክማል፣ መውረድ ያሳርፋል ብዬ ነበር የኖርኩት። የደሴ ልጅ ሆኜ ይህን ማመኔ ራሱ ያሳፍራል፤ ከጦሳ ሥር ተወልዶ፣ ዳገትና ቁልቁለት ሲመላለስ አድጎ፣ የቁልቁለትን ተንኮል በሠላሳ ዓመቱ የሚያውቅ ሰው ማን አለ?

ሠርጉ የአጎቴ ልጅ ነው፣ ባለፈው ጥር። እኔ አንደኛ ሚዜ ነበርኩ። አራታችንም ሚዜዎች አንድ ዓይነት ጫማ እንድናደርግ የተወሰነው እኔ ባልነበርኩበት ቀን ነው። ጫማው ሲመጣ ብርማ፣ ተረከዙ እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ በማስመሪያ ስለካው 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር ነበር። እኔ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የምመላለስ ሰው ነኝ። እግሬ የሚያውቀው ለሥራ ጠፍጣፋ ጫማ፣ ቅዳሜና እሑድ ሸራ ጫማ፣ ቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ነው። ባለ ታኮ ጫማ ለመጨረሻ ጊዜ ያደረግሁት የተመረቅሁ ቀን ነበር፤ እርሱም 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ እርሱንም ከወንበር ሥር አውልቄ ነበር የዋልኩት።

የሠርጉን ቀን ሰዓት ቆጥሬዋለሁ። ጫማውን ያጠለቅሁት ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ያወለቅሁት ከምሽቱ 4 ሰዓት። 14 ሰዓት። ሚዜ ከሙሽራዋ ጎን ተቀምጣ ትውላለች የሚል ሰው ካለ ወሎ ውስጥ ደግሶ አያውቅም። ወሎ ሠርግ የደገሰ ሰው ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ያሰናዳል፤ ሁለት ዕርድ፣ ሁለት ወጥ ቤት፣ አቅም ካለም ሁለት ዳስ። የእኛ ቤተሰብ ግማሽ በግማሽ ነው፤ የአባቴ ወገን እዚህ፣ የእናቴ ወገን እዚያ። የእናቴ አክስቶች ካሉበት ዳስ ሄጄ ጉልበት ሳልስም ብቀር የሚጠብቀኝን ወቀሳ ስለማውቅ፣ ሙሽራው እስኪመጣ ድረስ ከአንዱ ዳስ ወደ ሌላው ስመላለስ አረፈድኩ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ደግሞ ጠጠር የፈሰሰበት ቁልቁለት ነው።

ከዚያ ሐይቅ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፎቶ አንሺው ውሃው ከኋላ ካልታየ ሠርግ ሠርግ አይመስልም አለ። የውሃው ዳር ሣር ርጥብ ነበር። ቀጭን ታኮ ርጥብ ሣር ላይ ሲያርፍ ችካል ሆኖ ይተከላል። እንዳይሰምጥብኝ ክብደቴን በሙሉ ጣቶቼ ሥር ጥዬ፣ ተረከዜን አየር ላይ ይዤ፣ ወደ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ሰውዬው «ፈገግ በሉ» ይላል። ፎቶው ወጥቶ ሳየው በእርግጥ ፈገግ ብያለሁ፤ አንገቴ ላይ ያለው ጅማት ግን የክራር ክር መስሎ ተወጥሯል።

ማታ ጨፈርን። ስለ ጭፈራው አልጽፍም፤ ወሎዬ ሠርግ ላይ ተቀምጦ አያመሽም፣ አለቀ።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። «ታኮ» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በእነርሱም የጫማ ተረከዝ ማለት ነው። እኛ ግን ቃሉን ለሁለት አገልግሎት አዋልነው። ደሴ ዳገት ላይ ጭነት መኪና ሲቆም ረዳቱ ከጋቢና ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ወይም ጥርብ እንጨት ይወትፋል፤ እርሱም ታኮ ነው። ልጅ ሆነን አይሱዙ ሰፈራችን ሲቆም ታኮ ለማቀበል እንሽቀዳደም ነበር። እንግዲህ አንዱ ታኮ መኪናው ቁልቁለት ላይ እንዳይንሸራተት ያደርገዋል። ሌላው ታኮ ደግሞ ደልዳላ ወለል ላይ የቆመን ሰው ቁልቁለት ላይ ያቆመዋል። ስሙ አንድ፣ ሥራው ተቃራኒ።

ቁልቁለት ስል ዝም ብዬ አይደለም። አንድ ማታ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ከተረከዜ እስከ ጣቶቼ ሥር ያለው ርቀት 17 ሴንቲ ሜትር ነው። ያ ጫማ ከፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሶላ ስላለው፣ ተረከዜ ከጣቶቼ በ8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ውስጥ እግሬን 28 ዲግሪ ያህል ያዘነብለዋል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወርድ መንገድ፣ ማለትም መኪና በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስትበት የሰፈር ዳገት፣ 6 ዲግሪ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ በዚያ ጫማ ሳሎን ውስጥ ቆሜ እንኳን ከማንኛውም የደሴ መንገድ በባሰ ቁልቁለት ላይ ነኝ። ቁልቁለት ስወርድ 28ቱ ላይ 6 ይደመራል፣ ዳገት ስወጣ 6 ይቀነሳል። ባለ ታኮ ጫማ ዳገት ላይ ለሰው ይራራል ማለት ነው። ሴቶች ሲያወሩት እሰማ ነበር፤ «ሲወጡበት አይከፋም» ይላሉ። ማጽናኛ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ሒሳብ ነው። ችግሩ ደሴ ላይ የወጣ ሁሉ መውረዱ አይቀርም።

ሰኞ ጠዋት ደህና ነኝ ብዬ ተኩራራሁ። ጣቶቼ ቆስለው፣ ትንሿ ጣቴ ውሃ ቋጥራ ነበር፤ እግሬ ግን ይንቀሳቀሳል። ማታ መልስ ነበር፤ በሐበሻ ቀሚስና በአንዲት ስስ ሰንደል እስክስታ ስመታ አመሸሁ። ዋናውን ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቶ ነው፤ 14 ሰዓት ሙሉ ያጠረውን ባቴን ከ9 ሴንቲ ሜትር ወደ ባዶ መሬት በአንድ ጊዜ አውርጄ፣ ያውም እየዘለልኩ፣ ሳበጣጥሰው አመሸሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እግሬን ዘርግቼ ልንጠራራ ስል ባቴ ጨምድዶ ያዘኝ። ጮህኩ። እናቴ የእጅ ባትሪ ይዛ ስትገባ እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ የእግሬን ጣት ወደ ራሴ እየሳብኩ ነበር። ጣትን ወደ ላይ መሳብ ለዚያ ዓይነቱ መጨምደድ መፍትሔ ነው፤ ይህንን ማንም ሳይነግረኝ እጄ ራሱ አወቀው።

ወንድሜ ጂም የሚመላለስ ልጅ ነው። «ላክቲክ አሲድ ነው፣ ውሃ ጠጪበት» አለኝ፣ በእርግጠኝነት። ጂም የሚሠሩ ወንዶች የሚተማመኑበት አንድ ቃል ቢኖር ይህ ነው። አንብቤ ስመለከተው ግን ላክቴት የሚባለው ነገር እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ውስጥ ተጠርጎ ያልቃል። እሑድ ማታ የነበረው አሲድ ማክሰኞ ቀን ምን ይሠራል? የማክሰኞው ሕመም ሌላ ነው። ያልለመደውን ሥራ የሠራ ጡንቻ ውስጥ ዓይን የማያየው መሰነጣጠቅ ይፈጠራል፣ ሰውነት ለጥገና ሲረባረብ አካባቢው ይቆጣል፤ ሕመሙም ወዲያው አይመጣም። ከግማሽ ቀን በኋላ ይጀምርና ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከዚያ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ሰኞ ጠዋት መኩራራቴ ለምን ከንቱ እንደነበር አሁን ገባኝ። ወንድሜም ይህን ስነግረው «ውሃው ግን አይጎዳም» ብሎ አለፈው።

መውረድ ከመውጣት የሚብስበትም ምክንያት እዚሁ ውስጥ አለ። ከጉድጓድ ውሃ ለቀዳ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ሙሉውን ባልዲ ወደ ላይ ስትስቡ ክንዳችሁ እያጠረ ይሠራል። ከባድ ነገር በገመድ ቀስ እያላችሁ ወደ ታች ስታወርዱ ግን ክንዳችሁ እየተሳበም ይዞ መቆየት አለበት፤ ገመዱ ይሄዳል፣ እጅ ግን አይለቅም። ጡንቻን በዋናነት የሚሰነጣጥቀው ይኸኛው፣ እየረዘመ የሚሠራው ሥራ ነው። ቁልቁለት ስንወርድ የጭናችን የፊት ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ ሰውነታችንን እንደዚያ ባልዲ እየያዘ ያወርደዋል። ባለ ታኮ ጫማ ደግሞ ጉልበትን ትንሽ አጥፎ ስለሚያስኬድ ጭኑ እረፍት አያገኝም። ባትስ? ባት ቀኑን ሙሉ አጥሮና ተኮማትሮ ይቆማል፤ ከዚያ ማታ በአንድ ጊዜ ተዘርጋ ይባላል።

ማክሰኞ ማታ ከኮምቦልቻ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፊት ወንበር ለመንኩ። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት 600 ሜትር ገደማ ወደ ላይ የሚወጣው ያ ጠመዝማዛ መንገድ ሁልጊዜ እንቅልፌን የማገኝበት ነው፤ ያን ቀን ግን በእያንዳንዱ ኩርባ እግሬን ወለሉ ላይ ስተክል ባቴ ይነግረኝ ነበር። ቤት ስደርስ አያቴ ይጠብቁኛል። የእናቴ እናት ናቸው፣ ለሠርጉ ከገጠር መጥተው አልተመለሱም። መቁጠሪያቸውን ይዘው መደቡ ላይ ተቀምጠው አረማመዴን ከበሩ ጀምሮ ሲከታተሉ ቆዩ።

«ያ ጫማ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ያ አላህ! ገንዘብ አውጥተሽ ገዝተሽው ነው?»

የለብ ያለ ውሃና ጨው በሳፋ አስቀረቡልኝ። ከዚያ ለጋ ቅቤ መዳፋቸው ላይ አቅልጠው ከቁርጭምጭሚቴ ወደ ላይ፣ ወደ ጉልበቴ ያሹኝ ጀመር። እጃቸው ሻካራ ነው፤ አውራ ጣታቸው የባቴን መሃል መስመር ተከትሎ ሲወጣ በትክክል የሚያመው ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ትንሽ ይጫናል፣ ያልፋል። ማንም ትምህርት ቤት አላስተማራቸውም። እያሹ ስለ ወጣትነታቸው አጫወቱኝ፤ ከተራራ ተነሥተው ሰኞ ገበያ ጌሾ ተሸክመው ይወርዱ ነበር፣ በባዶ እግር፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን። «ታዲያ ባትሽን አያምሽም ነበር እማማ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «በመጀመሪያው ጊዜ አሞኛል። ከዚያ ወዲያ አላስታውስም» አሉ።

ይህንን ድህነት ያጠነክራል የሚል ስብከት ለማድረግ አላነሣሁትም። ጉልበታቸው ዛሬ ከስግደት ሲነሡ እንደሚያቃስታቸው እሰማለሁ፤ የዚያ ሸክም ዕዳ ነው። ያነሣሁት «በመጀመሪያው ጊዜ» ስላሉ ነው። ቆይቼ ሳነብ ተመራማሪዎችም ይህንኑ በብዙ ገጽ ጽፈውት አገኘሁ፤ አንድ ጊዜ በዚህ ዓይነት ሥራ የታመመ ጡንቻ፣ ያንኑ ሥራ ከቀናት ወይም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲደግመው ሕመሙ በጣም ያንሳል። የሚያመው እንግድነቱ ነው። ስለዚህ «ቁንጅና ዋጋ ያስከፍላል» እየተባለ የሚነገረን ነገር አልተዋጠልኝም። እኔን ያሳመመኝ ቁንጅና አይደለም። የ14 ሰዓት እንግድነት ነው።

መልመድ ሲባል ግን ሌላ ጫፍ አለው። በእ.ኤ.አ. 2010 ጆርናል ኦፍ ኤክስፐሪመንታል ባዮሎጂ ላይ የወጣ አንድ ጥናት፣ ለዓመታት 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ታኮ ያዘወተሩ ሴቶችን ባት ከማያዘወትሩት ጋር አነጻጽሯል። የአዘውታሪዎቹ የባት ጡንቻ ጭረቶች ከ10 በመቶ በላይ አጥረው ተገኙ፤ የተረከዝ ጅማታቸውም ወፍሮና ደንድኖ ነበር። ጡንቻው አልመነመነም፣ ጉልበቱም አልጠፋም፤ ራሱን ለጫማው ልክ ሰፍቶ አሳጥሯል እንጂ። እነዚህ ሴቶች የሚያማቸው ታኮውን ሲያወልቁት ነው። ሥራ ቦታ ባንኮኒ ኋላ ሁልጊዜ በታኮ የምትውል አንዲት የማውቃት ሴት «ጠፍጣፋ ጫማ አይስማማኝም፣ ባቴን ይስበኛል» ስትል ቅንጦት ይመስለኝ ነበር። በሆዴ ለታዘብኳት ሁሉ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እርሷ ለምን እንደሆነ አላወቀችም።

ሌላው ያሳቀኝ ነገር የጫማው ትውልድ ነው። ከፍ ያለ ተረከዝ መጀመሪያ የወንዶች፣ ያውም የፈረሰኞች ነበር። የፋርስ ፈረሰኛ እርካብ ላይ ቆሞ ቀስት ሲያስፈነጥር እግሩ እንዳይሾልክ ተረከዙ እርካቡን ቆንጥጦ ይይዝለታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መኳንንት ፋሽን አደረጉት፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በቀይ ተረከዝ ይታወቃል። የእኛ ፈረሰኛ ግን ያንኑ ችግር በሌላ መንገድ ነበር የፈታው፤ ጫማ አላደረገም፤ እርካቡን ትንሽ ቀለበት አድርጎ በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣቱ መካከል ጨበጠው። ወሎ የፈረስ አገር ነው። ቅድመ አያቶቼ በጣታቸው ይዘውት የነበረውን ነገር እኔ በታኮ ልይዘው ሐይቅ ዳር፣ ያለ ፈረስ ቆሜ ነበር።

ወደ ሕመሙ ልመለስ፣ የሞከርኩትን ልንገራችሁ። የአያቴ እሽት ሠርቷል። መታሸት ይህን ዓይነቱን ሕመም በመጠኑ እንደሚያቀል የሚያሳዩ ጥናቶችም አሉ፤ ቅቤው የሚያለሰልሰው እጅን እንጂ ጡንቻን ባይሆንም፣ ያለ ቅቤ ያ እጅ ቆዳዬን ይልጠው ነበር። የለብ ያለው ውሃ ደስ ይላል፣ እስከሚቀዘቅዝ። ቀስ ብሎ መራመድ ይረዳል፤ እየተራመዳችሁ እያለ ብቻ፤ ስትቀመጡ ተመልሶ ይመጣል። ሰው ሁሉ «ተንጠራሪ፣ ጡንቻሽን ሳቢው» ሲለኝ ነበር፤ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመዘኑ ሰዎች ግን መሳሳብ ይህን ሕመም የሚቀንሰው በጣም በጥቂቱ ነው ይላሉ። መሳሳብ ለሌላ ነገር ነው የሚጠቅመው፤ ላጠረ ባት። ሁለቱን ነገሮች አንድ ማድረጌ ነበር ስህተቱ። አሁን ማታ ማታ እጄን ግድግዳ ላይ አድርጌ፣ አንድ እግሬን ወደ ኋላ ዘርግቼ፣ ተረከዜን መሬት አስነክቼ ግማሽ ደቂቃ ያህል እቆያለሁ፤ ከዚያ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ እደግመዋለሁ፤ ምክንያቱም ከባት በታች ተደብቆ ያለው ሁለተኛው ጡንቻ ጉልበት ካልታጠፈ ደህና አድርጎ አይሳብም። ኪኒንም ወስጄ ነበር፣ አይቡፕሮፌን፤ በባዶ ሆዴ። ጨጓራ ያለበት ሰው የቀረውን ራሱ ያውቀዋል።

ደግሞም እግርን የሚያሳምመው ሁሉ ጫማ አይደለም። አንድ ባት ብቻ ተለይቶ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላ፣ ቅቤም እሽትም ሳይነካው ቶሎ ሐኪም ይየው፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ እርሱ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዋ እርምጃ ተረከዝን እንደ ሚስማር የምትወጋ ከሆነ፣ ወይም ሁለት ጣቶች መካከል የሚያደነዝዝና የሚያቃጥል ነገር ካለ፣ ያም የጡንቻ ድካም አይደለም።

ጫማውን ልጥለው አልቻልኩም። ገንዘቡ ያሳዝናል፣ ደግሞ ያምራል፤ ይህን መካድ አልችልም። ፒያሳ ካሉት ጫማ ሰፊዎች አንዱ ጋ ወሰድኩትና «ታኮውን ግማሽ አድርገህ ቁረጥልኝ» አልኩት። ጫማውን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አየው፣ አፍንጫውን በጣቱ ጫን ለቀቅ አደረገው፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ከጎኑ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ተመለከተው።

«እህቴ፣ ከቆረጥኩት አፍንጫው ሰማይ ያያል።»

አልገባኝም። አንድ አሮጌ ጫማ ከክምሩ መዞና ሶላውን ገልጦ አሳየኝ፤ መሃሉ ላይ ጠንካራ የብረት ዘንግ አለ፣ ለዚያ ከፍታ ተብሎ የተጎበጠ። ታኮውን ቢያሳጥሩትም ብረቱ ጉብጠቱን አይረሳም። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከወረደ ጫማው ወደ ኋላ ይቀመጥና እግር ጀልባ ላይ እንደቆመ ይንገዳገዳል። አንዷን ሴንቲ ሜትር ብቻ ቆረጠልኝ፣ የታኮውን ጫፍ ሰፋ ባለ ጎማ ቀየረው፣ ከጣቶቼ ሥር ስፖንጅ ለጠፈበት። ሥራውን ሲጨርስ፣ «ይህ ለሥዕል ነው። ለመሄጃ ሌላ ግዢ» አለኝ። ጫማ ከሸጠልኝ ሰው ይልቅ ጫማ የሰፋልኝ ሰው እውነቱን ነገረኝ።

ሌላ ገዛሁ። የሚያዝያ ሠርግ ነበረብኝ፣ የጓደኛዬ፣ ኮምቦልቻ። ታኮው 6 ሴንቲ ሜትር፣ ወፍራም፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ያለው። ማሰሪያው ጌጥ አይደለም፤ እግር ወደ ፊት እየሾለከ ጣቶቹን እንዳይጨፈልቅ ከኋላ ይዞ ያስቀረዋል። የገዛሁት ከሰዓት በኋላ ነው፣ እግር ቀን ሲውል ስለሚያብጥ። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ ትሞቃለች፤ ደሴ ማታ በብርድ የተለካ ጫማ ኮምቦልቻ ቀትር ላይ እንደሚጠብ ከራሴ እግር ተምሬያለሁ። ግማሽ ቁጥር ጨመርኩበት።

ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ማታ ማታ ግቢ ውስጥ መለማመድ ጀመርኩ። መጀመሪያ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ ወደ ሰፈሩ ቁልቁለት ወርጄ መመለስ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጭኔን ትንሽ ተሰማኝ፤ ደስ አለኝ፣ ሕመሙን በጥቂት በጥቂቱ ቀድሜ እየከፈልኩት ስለነበር። አያቴ መደቡ ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ይመለከቱኛል። አንድ ማታ ቆጠራቸውን አቋርጠው፣

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ።

«እንቁላሉ ግን ታኮ አላደረገም እማማ።»

«እርሱስ ቢያደርግ ኖሮ ገና ድሮ ይሰበር ነበር» ብለው ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ።

ሠርጉ ሜዳ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ለእግር ደግ ከተማ ናት። ቢሆንም ቦርሳዬ ውስጥ ባለ 3 ሴንቲ ሜትር ጫማ ይዤ ነበር፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቀየርኩ። ባዶ እግር ያልሆንኩት የጥር ወሩን ሠርግ ስህተት ላለመድገም ነው፤ ከ6 ወደ 3፣ ማታ ቤት ከ3 ወደ ነጠላ ጫማ፣ እንደ ደረጃ። ፎቶ ላይ ሁለት ቁመት አለኝ። ፎቶውን ያየ አንድ የእናቴ ዘመድ «ይቺ ሁለተኛዋ ታናሽ እህቷ ናት?» ብሎ ጠይቋል።

ማክሰኞ ለምሳ ስንወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መደገፊያውን ያዝኩና ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ፊቴን ወደ ታች አድርጌ ወረድኩት። አሥረኛው ደረጃ ላይ ባቴ ትንሽ ጎተት አለኝ፣ ሌላ የለም። ዘበኛው በሩ ጥግ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ እያዳመጡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፣ ራሳቸውን ለሰላምታ ነቀነቁና ወደ ሬዲዮአቸው ተመለሱ።